የግራዋ አገር ጠጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ አገር ሁሉ ምላሱን ያመነለት ሰው።

አይ፣ አትነሣ ወንድይፍራው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ እየመለስኩልህ ነው። «አባ፣ ልጄን ይታይሽን የጠየቃት የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ዘሩን አውቀዋለሁ። የማውቀውን ሰው ቤቴ አስገብቼ፣ አስቀምጬ፣ ምን ልስማ ብዬ ነው የምሰማው?» አልከኝ። ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ ከደጅ መልሰሃቸዋል። ነገ ማለዳ ሦስተኛቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደማይመጡ አንተም ታውቃለህ፣ ልጅህም ታውቃለች። ይታይሽ አንተን ካነጋገረችህ ሁለት ሳምንት እንዳለፋት የነገረችኝ ሚስትህ ናት። አንተ ግን ይህቺን ዘለልካት። የነፍስ አባትህ ነኝና ታገሠኝ፤ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀመጥና ስለዚያ ሰው ስማ።

ሰውየው የአንድ መስፍን ጠጅ ቀማሽ ነበረ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ጠጅ የጌቶች ብቻ ነው። ገበሬው ማሩን ይቆርጣል፣ ሚስቱ ጠጁን ትጥላለች፤ ነገር ግን ከዚያ ጠጅ አንዲት ጠብታ ወደ አፋቸው ቢያስጠጉ ወንጀል ነው። እነሱ ጠላቸውን ይጠጣሉ። መስፍኑ በየዓመቱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ትልቅ ግብር ያበላል። ለዚያ ግብር እያንዳንዱ አገር አንድ ጋን ጠጅ ጥሎ፣ አፉን በጭቃ አትሞ፣ በወንዶች ትከሻ ተሸክሞ ያመጣል።

ቀማሹ ከግቢው በር ላይ ይቆማል። ጋኑ ሲከፈት ጥቂት በመዳፉ ያንጠባጥቡለታል፤ እሱም ይልሰዋል። «ይግባ» ካለ ጋኑ ወደ አዳራሹ ይገባል፣ ያመጡትም ሰዎች ተመስግነው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። «ይፍሰስ» ካለ ግን ጋኑ እዚያው ዓይናቸው እያየ ይደፋል። ይህ ብቻ ቢሆን ውርደት ነው፤ ውርደት ደግሞ ይረሳል። ሥርዓቱ ግን ጠጁ የተደፋበት አገር ወንዶች ለመስፍኑ ቅጥር ድንጋይ እንዲያመላልሱ ያዝዝ ነበር፤ ግንቦትንም፣ ሰኔንም፣ ሐምሌንም። አንተ ገበሬ ነህ። በእነዚያ ወራት ከማሳው የራቀ ሰው በጥቅምት ምን እንደሚያጭድ እኔ ልነግርህ አይገባም።

እንግዲህ ያ ሰው እንዲያው በከንቱ አልነበረም የታመነው። በወጣትነቱ ጠጁን ቀምሶ ንቦቹ ከየትኛው አበባ እንደቀሰሙ ይናገር ነበር። ውሃው የምንጭ ይሁን የወንዝ፣ ጌሾው የዘንድሮ ይሁን የአምና ያውቃል። ሰዎች ይገረማሉ፤ እሱም ሲገረሙ ማየት ደስ አለው። ዓመት ዓመትን እየወለደ ሲሄድ ግን ስሙ ከምላሱ በለጠ። ሰው እንዲህ ሲሆን አደገኛ ነው፣ ልጄ። የሚናገረውን ነገር ማንም «እስቲ ቆይ» የማይለው ሰው፣ ራሱም ለራሱ «እስቲ ቆይ» ማለቱን ይተዋል።

ከገደሉ ማዶ አንድ አገር ነበረ፤ ዳገቱም ቁልቁለቱም ግራዋ ነው። ግራዋን ታውቀዋለህ፤ ሚስትህ ጋን የምታጥብበት ነው፣ ያሸው እጅ እስከ ማግስቱ የሚመር። የዚያ አገር ንብ ሌላ አበባ ፈልጋ ብትበር ገደል ነው የሚቀበላት። ስለዚህ ማራቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ጠጃቸውም እንደዚያው። ያ አገር ለመስፍኑ መገበር በጀመረ በመጀመሪያው ዓመት ቀማሹ የእነሱን ጠብታ ከመዳፉ ላሰና መረረው። ተፋው። «ይፍሰስ» አለ። እዚህ ላይ አልዋሸም፤ መዳፉ ላይ ለነበረችው ጠብታ በእውነት ፈረደ። ጥፋቱ የጀመረው በሁለተኛው ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት የዚያ አገር ጋን ከሩቅ ብቅ ሲል ምላሱ ገና ሳይረጥብ መረረው። መዳፉን ወደ አፉ ከፍ አደረገ፣ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣ አልላሰም፤ «ይፍሰስ» አለ። ከዚያም የተሰበሰበውን ሰው ዞር ብሎ አየና «ለአህያ ማር አይጥማትም ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ማር ግን ለአህያም አይሰጥ» አለ። ሰው ሳቀ። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ አለ። ሰው አሁንም ሳቀ።

ይህ ነገር ሃያ ዓመት ቆየ።

ሃያ ዓመት የግራዋ አገር ወንዶች ጋናቸውን ተሸክመው የሁለት ቀን መንገድ መጡ፤ ሲደፋ ቆመው አዩ፤ ከዚያም ድንጋይ አነሡ። ቅጥሩ በእነሱ ጀርባ ቁመት ጨመረ። አንድ ነገር ብቻ ማንም ልብ ሳይለው ያልፍ ነበር። የእነሱ ጠጅ በተደፋ ቁጥር ንቦች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይመጡና ያን እርጥብ መሬት ይወርሩታል። አሽከሮቹ በጭስ ያባርሯቸዋል። የሌሎች አገሮች ጋን ተደፍቶም ያውቃል፤ እንዲህ ያለ የንብ መንጋ ግን አልመጣበትም። ቀማሹ ይህን ሃያ ጊዜ አይቷል። ዓይን ያየውን ሁሉ ልብ አይቶት ቢሆን ኖሮ እኔና አንተ ዛሬ እዚህ ባልተቀመጥን ነበር።

በሃያ አንደኛው ዓመት ከጋኑ ጎን አንዲት ሴት እየሄደች መጣች። ሃያውን ዓመት ሁሉ ያን ጠጅ የጣለችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ግን ወደ መስፍኑ ግቢ መጥታ አታውቅም፤ ጋኑን ተሸክሞ የሚመጣው ባሏ ነበረ። ባሏ ባለፈው ዓመት ድንጋይ እንደተሸከመ ዳገቱ ላይ ተንበረከከ፤ ሲያነሡት አልተነሣም። ዘንድሮ ጠጁ የሚጣልበት ጊዜ ሲደርስ ያገሯ ሰዎች «ከገደሉ ማዶ ነጭ ማር እንለምንና በዚያ ጣይልን፤ ማን ያውቃል?» አሏት። «ንቦቼ ያውቃሉ» አለችና እምቢ አለች። ነገር ግን አንድ ልጅ ቀርቷት ነበረ፤ ቁመቱ ለድንጋይ የደረሰ ልጅ። ጋኑ ከተደፋ የዘንድሮውን ድንጋይ የሚሸከመው እሱ ነው። ለዚህ ነው ጠጁን ተከትላ የመጣችው።

ጋኑ ወረደ። ጭቃው ተፈለፈለ። ጥቂት በመዳፉ አንጠባጠቡለት። ቀማሹ መዳፉን ወደ አፉ ከፍ አደረገ፣ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣ «ይፍሰስ» አለ። አሽከሮቹ ጋኑን ሊያጋድሉ ያዙት።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ «በጌታህ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

በዚያ አገር ሰው በጌታው አምላክ ከተያዘ የተለመነውን እስኪፈጽም ባለበት ይቆማል። እግሩን ያነሣ አያሳርፍም፣ እጁን የዘረጋ አይሰበስብም። አልቆምም ያለ ጌታውን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ የሚከፍለውም በአንገቱ ነው። አሽከሮቹ ጋኑን እንደያዙ ቆሙ። ቀማሹም መዳፉን ከፍ እንዳደረገ ቆመ። እሷም ቀረብ አለችና መዳፉን አየች።

«ጌታዬ፣ አልቀመሱትም» አለች። «ያውና፣ እጅዎ ላይ አለ።»

እውነት ነው፤ ጠብታዋ ምንም ሳትነካ መዳፉ ላይ ነበረች። ፀሐይ አግኝቷት ታበራለች። በዙሪያው የቆመ ሰው ሁሉ አያት። ሃያ ዓመት ማንም ያን መዳፍ አላየውም ነበር፤ ሰው የሚያየው ፊቱን ነበር።

«አንድ ጉንጭ ይያዙልኝ» አለች ሴትዮዋ። «አባታችን ሆይ ብዬ እስክጨርስ አፍዎ ውስጥ ያቆዩልኝ። ከዚያ ወዲያ ወይ ይዋጡት ወይ ይትፉት፤ ፍርድዎን ተቀብዬ እሄዳለሁ። እስከ አሜን ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

ሰውየው ፈገግ አለ። አልፈራም፤ እንዲያውም ልቡ ሞልቷል። የሚቀምሰውን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋላ! እንደሚመረው ያውቃል፣ እንደሚተፋው ያውቃል፣ ሰው እንደሚስቅም ያውቃል። ዋንጫ አስቀዳና አፉን ሞልቶ ያዘ። እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳትውጥ መጸለይ ጀመረች።

መጀመሪያ መረረው፤ ልክ እንዳሰበው። ግራዋ ነው፤ እንደ ጋን ማጠቢያ። አፍንጫውን እየነፋ ሰውን ሊያስቅ ዓይኑን አዙሮ ነበር። ነገር ግን አፉ ሙሉ ነውና መናገር አይችልም፤ በጌታው አምላክ ተይዟልና መትፋትም አይችልም። መቆየት ብቻ ነው የቀረው። ከሃያ ዓመት ወዲህ ሳይናገር የቆየባት የመጀመሪያዋ ጊዜ ይህቺ ናት።

ሴትዮዋ ስለ ዕለት እንጀራ ከምትለምንበት ስትደርስ ምሬቱ ተከፈተ። ጠፋ አላልኩህም፤ ተከፈተ። ከበስተኋላው፣ ከምላሱ ሥር፣ አንድ ጣዕም ቀስ እያለ መጣ። ጣፋጭ ነው ብል አሳንሰዋለሁ። ሰው ረጅም ጾም ጾሞ መጀመሪያ የሚቀምሳትን ጉርሻ ታውቃለህ? እንደዚያ ነበረ፤ ግን አያልቅም። ምሬቱ እዚያው እንዳለ፣ ጣዕሙ በላዩ ላይ ቆሞ፣ አንዱ አንዱን ተሸክሞት ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ የቀመሳቸው ነጫጭ ጠጆች ሁሉ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምሮ ያላቸውን ሰጥተው የሚያልቁ ነበሩ። ይህኛው ግን ገና እየመጣ ነው። ፈራ። ጠጅ ሰውን ሊያስፈራ ይችላል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አበባው ከማይወደድ ዛፍ፣ ንብ ሌላ አበባ ከምታጣበት ገደል፣ ከገበሬ ሴት እጅ ይህ ነገር እንዴት እንደወጣ አላወቀም። እግዚአብሔር ያን ነገር ከእሱ ሰውሮ ሳይሆን በየዓመቱ እደጁ ድረስ ሲያስመጣለት እንደኖረ ግን ያን ጊዜ ገባው። በግቢው የቆመውን ሰው አላየም። የሰማው የሴትዮዋን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሷም በደልን ይቅር ስለ ማለት የሚለው ላይ ደርሳ ነበረ። እንባው መጣ።

«አሜን» አለች። ዓይኗን ገለጠች።

አሁን ነፃ ነው፤ መትፋት ይችላል። አልተፋም። መዋጥም ይችላል። አልዋጠም። አፉ ውስጥ ይዞት ቆመ፤ ሰዎቹ እስኪጨነቁ ቆመ። በመጨረሻ ዋጠውና ያ ድምፁ ከበር እስከ አዳራሽ የሚሰማው ሰው ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቃት።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነበረ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ» አለችው። «እኔ ቀምሼው አላውቅም።»

አየህ፣ ሰውየውን የሰበረው ምሬቱም አይደለም፣ ጣዕሙም አይደለም፤ ይህ መልስ ነው። እሷ በመዓዛው ታውቀዋለች። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ጥላ ሲፈላ በድምፁ ታውቀዋለች። ለአፏ ግን አልተፈቀደላትም። ባሏም አልቀመሰውም፣ የተሸከሙት ሰዎችም አልቀመሱትም። መስፍኑም አልቀመሰውም፤ እስከ አዳራሹ አልደረሰማ። ያን ጠጅ እንዲቀምስ የታዘዘ በዓለም ላይ አንድ አፍ ብቻ ነበረ፤ ያ አፍም አንዲት ጠብታ ልሶ ከመትፋት በቀር አልቀመሰውም። ሃያ ጋን እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ምድር ላይ ተሠርቶ፣ አንድ ሰው እንኳ ምን እንደነበረ ሳያውቀው መሬት ጠጣው። ቀማሹ ወደዚያ መሬት አየ። ንቦቹ ገና ሳይደፋ መጥተው በዙሪያው ያንዣብቡ ነበር።

ያን ጊዜ ሰውየው በዚያ ግቢ ታይቶ የማያውቅ ነገር አደረገ። ዋንጫውን ራሱ ቀዳና በሁለት እጁ ይዞ ለሴትዮዋ ሰጣት። አሽከሮቹ ደነገጡ፤ ወንጀል ነው፣ ነግሬሃለሁ። እሷም ፈራች። «ይቅመሱት» አላት፤ አንቱ አላት፣ ልብ በል። ተቀበለችና አንድ ጉንጭ ይዛ ቆየች። ለእሷ የጸለየላት የለም፤ በልቧ ጸልያ ይሆናል። ከዚያም ዋጠች።

«እንዲህ ኖሯል?» አለች። ቀጥላም «እሱ ሳይቀምሰው» አለች።

ባሏን ነው ያለችው፣ ወንድይፍራው።

ቀማሹ «ይግባ!» አለ። ጋኑን ተከትሎ አዳራሽ ገባና በመስፍኑ እግር ሥር ተደፋ። «ጌታዬ፣ ሃያ ዓመት የፈረድኩት በጠጁ ላይ አልነበረም። የአገሩን ስም ስሰማ ነው የፈረድኩት። ለምላሴ የሰጡኝን ፍርድ እኔ አስቀድሜ በጆሮዬ ስጨርሰው ኖሬያለሁ» አለ። መስፍኑ ከጠጁ ቀመሰና ዋንጫውን አስቀመጠ። ከዚያ «እንግዲያው በራስህ ላይ ፍረድ፤ ፍርድ ማወቅህን ልይ» አለው። ሰውየው ኩታውን አውልቆ ለአሽከር ሰጠ። ወደ ቅጥሩ ወጣ። የግራዋ አገር ሰዎች በዚያው ቀን ወደ እርሻቸው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ አገኙት፤ ጀርባው ላይ ድንጋይ ነበረ። የሴትዮዋ ልጅ ለብቻው ጋኑን ባዶውን ተሸክሞ ነበርና ጎን ለጎን ተላለፉ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

እሺ። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለኸኛል ቅድም፤ እውነት ነው፣ ይመነጠራል። እኔ አትጠርጥር አላልኩህም። ያ ሰው መጀመሪያ ላይ መረረኝ ማለቱ ጥፋት አልነበረም፤ መርሮታል። ያ ልጅም ይመርርህ ይሆናል። ቤትህ ሲገባ አቀማመጡ፣ አነጋገሩ፣ የአባቱ እጅ ጭቃ ትዝ ሲልህ፣ ይመርርሃል። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌዎቹን ስትመልስ «አውቀዋለሁ» አልካቸው። መዳፍህን ልየው ወንድይፍራው። ቀምሰኸዋል? አንዲት ቃል አናግረኸዋል? ስሙን እንኳ ስትነግረኝ «የሸክላ ሠሪው ልጅ» ነው ያልከኝ። ስሙን አታውቀውም። አባትህ «ወንድ ይፍራው» ብሎ ስም ያወጣልህ አንድ ጎልማሳ እንኳ ፊትህ ቀርቦ እንዳይናገር ብሎ ነው እንዴ?

አንተን ብቻ እንደምወቅስ አታስብ። አርባ ዓመት ቄስ ሆኛለሁ፤ ከሸክላ ሠሪዎች ቤት ገብቼ እህል ቀምሼ አላውቅም። እኔም ስንት ጋን እንደደፋሁ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ደግሞ አንድ ነገር አስብ። ያን ጠጅ ከገደሉ ማዶ የሁለት ቀን መንገድ ሃያ አንድ ጊዜ ጠብታ ሳያፈስ ያደረሰው ጋን የማን እጅ ሥራ ይመስልሃል? ስሙን ማንም አላነሣውም፤ እኔም ስተርክልህ ረስቼው ነበር።

ይታይሽ ቀምሳዋለች። አንተ ያልቀመስከውን እሷ ቀምሳ ነው ዝም ያለችህ። እንደዚያ ጠጁ የተደፋበት አገር ሰዎች ባዶ ጋን ይዛ ከደጅህ እንዳትመለስ እፈራለሁ። ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ይቀመጡ በል። ልጁን አስጠራው። ስለ አባቱ አትጠይቀው፤ ስለ ራሱ ጠይቀው፣ ከዚያም ዝም ብለህ ያዘው። አባታችን ሆይ እስኪያልቅ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ብትተፋው እኔ ራሴ ከጎንህ ቆሜ «ቀምሶ ነው የተፋው» ብዬ እመሰክርልሃለሁ፤ ማንም አይወቅስህም።

እምቢ እንዳትለኝ ደግሞ እኔም እንደ ሴትዮዋ ልያዝህ። ወንድይፍራው፣ በይታይሽ አምላክ!

አሁን ባለህበት ቁም።